ለአንድ እራት 400 ሪያል፦ ቅብጠት ነው ወይስ መብት?

  ኩሽና ውስጥ ቆማችሁ የምታነቡም፣ ልጆቹን አስተኝታችሁ ጋደም ያላችሁም፣ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነውና በትዕግሥት አንብቡልኝ።

ሰሞኑን እዚህ ሪያድ ያሉ እህቶቻችን በዕረፍት ቀናቸው አምረው ለብሰው ትልልቅ ሬስቶራንት እየገቡ ፎቶና ቪዲዮ ይለቃሉ። ሥሩ የሚጻፈውን ግን አይታችኋል? «እናትሽ በባዶ እግሯ እየሄደች አንቺ ስቴክ ትቆርጫለሽ»፣ «የሰው አገር መጥተሽ ማዳም ሆንሽ»፣ «ወገኛ»። በሌላ በኩል ደግሞ «ተዉአት ትዝናና፣ በላቧ ነው፣ ነገ ለመኖራችን ማን ያውቃል» የሚሉ አሉ። ሁለቱም ወገን ይጯጯሃል፣ ቁጭ ብሎ ሒሳቡን የሠራ ግን የለም። እኔ ከአስረኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ለዚህ ግን መደመርና ማካፈል ይበቃል።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ፣ በራስሽ ገንዘብ፣ በራስሽ ቀን ከሆነ ያዋጣል። በየወሩ ከሆነ ወይም ለፎቶ ከሆነ አያዋጣም። ለምን እንዲህ እንደምል አንድ በአንድ ላስረዳ።

መጀመሪያ ስለምን ዓይነት ቦታ እንደምናወራ እንግባባ። ሪያድ ውስጥ የቅንጦት ምግብ ቤት አዲስ ነገር አይደለም። ኦላያ አካባቢ ያለው የፈይሰሊያ ሕንጻ አናት ላይ የምታዩት ትልቅ የመስታወት ኳስ ለሬስቶራንት ተብሎ የተሠራ ነው። ሕንጻው 267 ሜትር ነው፣ ያለቀውም እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። የጠርሙስ መክፈቻ የሚመስለው የኪንግደም ሕንጻ ደግሞ 302 ሜትር ይረዝማል፣ እዚያም ላይ ከተማውን ቁልቁል እያዩ ይበላል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዲርዒያ ውስጥ ቡጀይሪ ቴራስ የሚባል ተከፍቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ማለት ነው። የቻይና ምግብ የሚሠራው ሀካሳን፣ የስፔኑ ታቴል፣ የሳዑዲ ምግብ የሚሠራው ማይዝና ሌሎችም አሉ። ፊት ለፊታቸው የሚታየው ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው አጥ-ጡረይፍ የሚባለው ጥንታዊ ሰፈር ነው፣ ከጭቃ ጡብ የተሠራ። እኔ ይሄን ሳስብ ይስቀኛል። እኛ የጭቃ ቤት ለማፍረስ ባሕር ተሻግረን መጣን፣ እዚህ ደግሞ የጭቃ ቤት እያዩ ለመብላት በመቶ የሚቆጠር ሪያል ይከፈላል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። እ.ኤ.አ. እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ እዚህ አገር ምግብ ቤት ለወንዶች ለብቻ፣ ለቤተሰብ ለብቻ በር እንዲኖረው ግዴታ ነበር። አሁን ያ ግዴታ ቀርቷል። ሁለት ሦስት ሴት ልጆች ሆነን በዋናው በር ገብተን መቀመጥ እንችላለን። ከእኛ በፊት ለመጡት ታላላቅ እህቶቻችን ይሄ የሚታሰብ አልነበረም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ሰው መክሰሻ፣ ዋና ምግብ፣ ጣፋጭና መጠጥ ካዘዘ 400 ሪያል እንበል። የሚበልጥም የሚያንስም ይኖራል፣ ለስሌት እንዲመቸን ነው። ከዚያ ውስጥ ቫት አለ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ 15 በመቶ ነው፣ ከዚያ በፊት 5 ነበር። በሬስቶራንት ሥራ የተለመደው ስሌት ደግሞ የጥሬ ዕቃው ዋጋ ከምግቡ ዋጋ ሲሶ ገደማ ነው የሚባለው። ሥጋው፣ ዓሣው፣ ቅቤው፣ ቅመሙ ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። ሌላው ገንዘብ የሚሄደው ለቦታው ኪራይ፣ ለመብራቱ፣ ለወንበሩ፣ ለሠራተኛው፣ ለስሙና ለባለቤቱ ትርፍ ነው። ከባቃላ በ1 ሪያል የምትገዢው ውሃ እዚያ በሚያምር ጠርሙስ ሆኖ ሲመጣ ዋጋው ስንት እጥፍ እንደሚሆን የገባችሁ ታውቁታላችሁ። ውሃው ያው ውሃ ነው።

ስለዚህ እዚያ ገብታ «ምግቡ እኮ ያን ያህል አይደለም» ብላ የምትናደድ ልጅ ነገሩ አልገባትም። የከፈለችው ለምግብ ብቻ አይደለማ። ሥጋ ላይ ወርቅ ለብጠው የሚሸጡም አሉ። ጨው በክርኑ ላይ እያንጠባጠበ የሚበትነውን ቱርካዊ ኑስረትን ሁላችሁም በቪዲዮ አይታችሁታል። ወርቅ ጣዕም የለው፣ ሽታ የለው፣ ሆድም አይፈጨው፣ እንደገባ ነው የሚወጣው። እኛ ጋ ወርቅ ጆሮና አንገት ላይ ይቀመጣል፣ ሲቸግር ይሸጣል። እነሱ ይውጡታል። ታዲያ የሚከፍለው ሰው ሞኝ ነው? አይመስለኝም። የገዛው ወርቅ ሲበላ መታየትን ነው።

ይሄ የአረብ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን በጣም ውድ ከነበሩት እራቶች አንዱን ጥቀሺ ብትሉኝ «ገበታ ለሸገር» ነው የምለው። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያዘጋጁት ነው። ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር! በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ከ170 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ወደ ሪያል ስትመልሱት ከ630 ሺህ በላይ። በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ ልጅ ምንም ሳትበላ ሳትለብስ ከ50 ዓመት በላይ ብትሠራ ነው የምትከፍለው። ግን እዚያ የገባ ሰው ወጡ ጥሩ ነበር አልነበረም ብሎ የሚጨነቅ አይመስለኝም። ገንዘቡ ለአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ ልማት ነው ተብሎ የተሰበሰበ ነው። ከፋዩም ስሙን፣ ወንበሩንና ከማን ጋር እንደተቀመጠ ነው የሚያስታውሰው። በዓመቱ ደግሞ ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ለማልማት «ገበታ ለሀገር» መጣ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። እራት በጣም ውድ ሲሆን ከምግብ ሌላ የሚሸጥ ነገር አለ። ብልህ ሰው «እሱ ነገር ምንድነው? ለእኔስ ይጠቅመኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

እንግዲህ ለእኛ ለቤት ሠራተኞች እዚያ የሚሸጠው ምንድነው?

ምግብ እንዳይመስላችሁ። ምግብማ እናውቃለን። ከብሳውን፣ መንዲውን፣ ጀሪሹን፣ ሰምቡሳውን በእጃችን ሠርተናል። ረመዳን ላይ ለሃያ ሰው ፊጡር አቅርበን ሱሑር ደግሞ የሠራን ሰዎች ነን። ባለሙያ ሼፍ ነኝ የሚል ቢመጣ እኛ የምናውቀውን ሁሉ አያውቅም።

እዚያ የሚሸጠው መቀመጥ ነው። አንቺ ተቀምጠሽ ሌላ ሰው መቆሙ። ብርጭቆሽ ሲጎድል ሳትጠይቂ መሞላቱ። የበላሽበትን ሳህን ሌላ ሰው አንስቶት፣ ሌላ ሰው ማጠቡ። «ሌላ የምትፈልጊው ነገር አለ?» ተብሎ በትሕትና መጠየቅ። ከሱብሒ እስከ እኩለ ሌሊት ስሟ እየተጠራ ለምትሮጥ ሴት ይሄ ቀላል ነገር ነው? አይደለም። ለማዳም ይሄ በየቀኑ በነጻ የምታገኘው ነገር ነው፣ እኛ አለንላት። ስለዚህ ማዳም 400 ሪያል ስትከፍል የምትገዛው ቤቷ ያላትን ነገር ነው። እኛ ስንከፍል የምንገዛው ግን የትም የሌለንን ነው። ለዚህ ነው «ለሀብታም ያዋጣል፣ ለድሃ አያዋጣም» የሚለውን ንግግር የማልቀበለው። እንዲያውም በዚህ በኩል ካየነው ይበልጥ የሚያዋጣው ለእኛ ነው።

እኔ ራሴ ከአሠሪዎች ጋር እንዲህ ያለ ቦታ ገብቼ አውቃለሁ። የሕፃኑን ጋሪ ይዤ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለሁሉም ሳህን ተደረደረ፣ እኔ ፊት ግን አልነበረም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሕፃኑን እያበላሁ፣ የወደቀ ማንኪያ እያነሳሁ፣ የምግቡን ሽታ ብቻ ስስብ ቆየሁ። አንዱ አስተናጋጅ፣ ፊሊፒናዊ ይመስለኛል፣ አየኝና ምንም ሳይናገር አንድ ብርጭቆ ውሃ ከሎሚ ጋር አስቀመጠልኝ። ብዙዎቻችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ። ሁሉም ቤት አንድ ነው አልልም፣ አብራ የምታስቆርስ፣ «ቀድመሽ ብዪ» የምትል ማዳምም አለች፣ አላህ ይስጣት። ግን እንደዚያ ሆና ጠረጴዛ ጫፍ ላይ የተቀመጠች ልጅ አንድ ቀን ዞራ መጥታ በራሷ ገንዘብ፣ በራሷ ሳህን መብላት ብትፈልግ ማነው ወገኛ የሚላት? ያቺ ልጅ ስቴክ አልራባትም። ሳህን ነው የራባት።

እሺ፣ እስከዚህ ድረስ ለሚዝናኑት ተሟገትኩ። አሁን ደግሞ ለእነሱም የምለው አለኝ፣ እንዳትቀየሙኝ።

400 ሪያልን በሪያል አትቁጠሪው፣ በሰዓት ቁጠሪው። ደመወዝሽ 1,000 ሪያል ነው እንበል። በወር 30 ቀን፣ በቀን 10 ሰዓት ብንይዝ 300 ሰዓት ነው። አንዱ ሰዓት 3 ሪያል ከ33 ሀላላ ሆነ። 400 ሪያል ማለት 120 ሰዓት፣ ማለትም የ12 ቀን ሥራ ነው። ሁለት ሰዓት ለመቀመጥ 120 ሰዓት መቆም። በቀን 10 ሰዓት ብቻ የምትሠራ ዕድለኛ ናት፣ 15 እና 16 ለምትሠሪው ደግሞ ራስሽ አስዪው። ይሄን ቁጥር አውቀሽ «አዎ፣ ለእኔ ያዋጣል» ካልሽ ምርጫሽ ነው፣ አከብርሻለሁ። ሳታውቂው ከሆነ ግን ሌላ ሰው ነው የመረጠልሽ።

አሁን ደግሞ በኮንትራት እንየው። በሁለት ዓመት ኮንትራት 24,000 ሪያል ታገኛለሽ። ከዚያ ላይ አንድ 400 ብታነሺ ከ60 አንዱን ነው። ከ60 እንጀራ አንዷን ለራስ ማስቀረት ስስት አይባልም። በየወሩ ከሆነ ግን 24 ጊዜ 400፣ 9,600 ሪያል! ወደ 10 ወር የሚጠጋ ደመወዝ። ከሁለት ዓመት ስደት ውስጥ ወደ 10 ወሩን ለአስተናጋጅ፣ ለመብራትና ለወንበር ሠራሽ ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው እኔ የምለየው። አንዴ ሲሆን ስጦታ ነው፣ በየወሩ ሲሆን ሌላ አሠሪ መቅጠር ነው፤ ላንቺ የማይከፍል አሠሪ።

ፎቶውስ? ፎቶ መነሳት ኃጢአት የለውም። ግን ምግቡ እየቀዘቀዘ 40 ጊዜ ስልክ የምታነሳ ልጅ አይቻለሁ። ያን የመሰለ መቀመጫ ከፍላበት አልተቀመጠችበትም፣ እሱም ሥራ ሆነባት። ደግሞ የምታሳዪው ሰው ሁሉ ደስ አይለውም። አገር ቤት ያለው ዘመድ ያን ፎቶ አይቶ የሚያስበው «ልጃችን ተዝናናች» አይደለም፣ «ብር አላት» ነው። በሳምንቱ የአጎትሽ ልጅ ስልክ ይደውላል። የአንድ እራት ፎቶ የሦስት ሀዋላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ብትበዪም ብዪና ዝም በዪ፣ ለሆድሽም ለኪስሽም ይሻላል።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልዙር፣ ወደ ተሳዳቢዎቹ። «እናትሽ በባዶ እግሯ» የምትሉት። እውነት የምንጣላው በቅንጦት ነው? ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቅ። አገር ቤት በእኛ ሀዋላ የሚደገሰውን ድግስ ለምን ማንም ቅንጦት አይለውም? የወንድም ሠርግ ሲሆን ሰንጋ ይጣላል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ቪዲዮ ቀራጭ ይመጣል፣ መኪና ይደረደራል። ተዝካር ሲሆን አገሩ ሁሉ ይበላል። ብሩ ከየት መጣ? ከሪያድ፣ ከጅዳ፣ ከደማም፣ እዚህ ወለል ከምትወለውል ልጅ ነው የመጣው። እሷ ሠርጉን በስልክ ነው ያየችው፣ አንዲት ጉርሻ አልደረሳትም። ያ ድግስ 400 ሪያል ሳይሆን 4,000ና ከዚያ በላይ ሪያል ሲሆን «ክብር» ይባላል፣ «ወግ ማዕረግ» ይባላል። እሷ ራሷ አንድ ሳህን ስትገዛ ግን «ቅብጠት» ይሆናል። ይሄ ሚዛን አይመስለኝም። ድግስ ይቅር እያልኩ አይደለም፣ ወሎዬ ነኝ፣ ሰው ሲሰበሰብ ደስ ይለኛል። ግን የምንቆጥር ከሆነ ሁሉንም እንቁጠር። ልጅቷ የምትበላውን ብቻ መቁጠር ልጅቷን እንደ ቦርሳ ማየት ነው።

ስለ እናትም ልናገር። የእኔ እናት ስለዚህ ዓይነት ምግብ ብነግራት የምትጠይቀኝ «ስንት ከፈልሽ?» ብላ አይደለም። «ጠገብሽ ወይ?» ነው የምትለኝ። ትልቅ ሳህን መሐል ላይ የተቀመጠችውን ጣት የምታክል ዓሣ ብታይ ደግሞ «ይሄ ለቅምሻ ነው፣ ዋናው መቼ ይመጣል?» ትላለች። እናቶቻችን ምግብን የሚለኩት እንደዚያ ነው፣ ልጄ ጠገበች አልጠገበችም ብለው። እኛ ነን እነሱን ምክንያት አድርገን እርስ በርስ የምንወቃቀሰው።

አሁን ጥያቄው መቀመጥ ከሆነ፣ መቀመጥን በርካሽ ማግኘት አይቻልም ወይ? ይቻላል። አልበይክን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1974 ጅዳ ላይ የተጀመረ ዶሮ ቤት ነው። በ20 ሪያል አካባቢ ጠግበሽ ትወጫለሽ። ሀብታሙም፣ የታክሲ ሹፌሩም፣ የእኛ ቢጤም አንድ ሰልፍ ላይ ነው የሚቆመው። በ400 ሪያል 20 ጊዜ ትገቢበታለሽ። ሐበሻ በሚበዛበት በመንፉሃ ደግሞ የራሳችን ምግብ አለ። እንጀራ ቀርቦ፣ አራት አምስት ሆነን አንድ ትሪ ከበን፣ ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ሳይጎድል፣ በራሳችን ቋንቋ ስናወራ የሚሰማው ነገር የትኛውም የመስታወት ኳስ ውስጥ የለም። ሐኪም ቤት የገባችዋ ትጠየቃለች፣ ደመወዝ የተከለከለችዋ ምክር ታገኛለች፣ አዲስ የመጣችዋ አረብኛ ትማራለች። ትልቁ ሬስቶራንት እንግዳውን ከሌላው እንግዳ ለይቶ በማስቀመጥ ነው ገንዘብ የሚያገኘው። እኛ ደግሞ የጎደለን ከሰው መለየት አይደለም፣ እሱማ ሞልቶናል።

እና «ትልቁ ቦታ ለምን እንሄዳለን ታዲያ?» ካላችሁ፣ ለሁለት ዓይነት ሰው ይጠቅማል እላለሁ። አንዷ ያቺ ሳህን የራባት ልጅ ናት፣ አንድ ጊዜ ገብታ ይውጣላት። ሁለተኛዋ አገር ገብታ ምግብ ቤት መክፈት የምታስብ ናት። ለእሷ ክፍያው የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ሳህን እንዴት እንደሚቀርብ፣ እንግዳ እንዴት እንደሚስተናገድ፣ ሜኑ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ትንሽ ምግብ እንዴት በብዙ እንደሚሸጥ ትይ፣ ታጥና። ማርከስ ሳሙኤልሰን የሚባለውን ሰምታችኋል? ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ እናቱን በሳንባ ነቀርሳ አጥቶ፣ ስዊድን በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ነው። ከወጥ ቤት ሥራ ተነስቶ አሜሪካ ውስጥ ስመ ጥር ሼፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ባደረጉት የክብር እራት ላይ ያበሰለው እሱ ነው። የእኛ ሰው እጅ ከዚያ ጠረጴዛ ይደርሳል ለማለት ነው። ተቀምጦ መብላት ብቻ ሳይሆን አብስሎ መሸጥም አለ።

እንግዲህ የእኔ መመዘኛ ይሄ ነው፣ የሚስማማችሁን ውሰዱ።

አንደኛ፣ በራስሽ ስም የተቀመጠ ገንዘብ ሳይኖርሽ አትግቢ። ለቤተሰብ የተላከ ቁጠባ አይባልም። በስምሽ፣ በባንክ፣ ማለቴ ነው።

ሁለተኛ፣ በብድር አትግቢ። ጓደኛሽ «እኔ እከፍላለሁ፣ በደመወዝ ትመልሺልኛለሽ» ካለችሽ ለሌላ ጊዜ በዪ። ወንድ ልጅ «ልጋብዝሽ» ካለም ሒሳቡ በኋላ በሌላ መንገድ እንደሚመጣ አስቢበት።

ሦስተኛ፣ ከመቀመጥሽ በፊት ሜኑውን በስልክ ዋጋው ጭምር እዪ። ቫቱ ውስጥ መኖሩን ጠይቂ። ቢያንስ ይህን ያህል ማዘዝ አለባችሁ የሚሉና ለመግባት ቀድመው የሚያስከፍሉ ቦታዎች አሉ፣ የከፈልሽው ከሒሳብ ላይ ይቀነስ እንደሆነ ጠይቂ። መጠየቅ አያሳፍርም፣ ባለሀብቶቹም ይጠይቃሉ።

አራተኛ፣ ለአስተናጋጁ መልካም ሁኚ። ያ ፈገግታ ሥራው ነው። እሱም እንደ አንቺ ከኢቃማና ከሀዋላ ጋር የሚኖር የሰው አገር ሰው ነው፣ ማታ እግሩን ያመዋል። የሚቆምለት ሰው ያገኘች ልጅ መቆም ምን እንደሆነ አትርሳ።

የመጨረሻውና ትልቁ ነገር ግን ገንዘብ አይደለም። ይሄ ሁሉ ክርክር ዕረፍት ቀን ላላቸው ነው። ስንቶቻችን ነን ከመጣን ከበር ያልወጣን? 400 ሪያል ቢኖራት እንኳን የምትበላበት ሰዓት የሌላት፣ ቆማ ከድስት ላይ የምትቀምስ፣ ምሳዋን በአሥር ሰዓት የምትበላ ስንት አለች? ለእሷ ከሬስቶራንት ሁሉ የሚበልጠው ቅንጦት አንድ ሙሉ ቀን ነው። እሱ ደግሞ ቅንጦት ሳይሆን በደንብ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዳለን፣ ሥራም በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። የተጻፈና የሚደረግ አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ እዚያው ነው ያለሁት። ግን መብቱን የማታውቅ ልጅ አትጠይቅም፣ ያልጠየቀች ደግሞ አታገኝም። ኮንትራታችሁን ሙሳነድ ላይ ከፍታችሁ አንብቡት፣ ማንበብ ካልቻላችሁ የምታነብላችሁ ፈልጉ። ማዳምን በመልካም ቀን፣ በመልካም ቃል፣ ደጋግማችሁ ጠይቁ።

ስለዚህ የእህታችሁን የእራት ፎቶ ስታዩ ሳህኑ ላይ ያለውን ዋጋ ከመቁጠራችሁ በፊት አንድ ነገር አስተውሉ። ያቺ ልጅ ቢያንስ ዛሬ ወጥታለች። በሯ ተከፍቶላታል። እሱን «ማሻአላህ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» በሉላትና ሒሳቡን ከዚያ በኋላ በፍቅር፣ በጓዳ ንገሯት።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አንድ ጊዜ ገብታችሁ «አዋጥቶኛል» ወይም «ከስሬአለሁ» የምትሉ ካላችሁ ጻፉልን። በሳምንት ዕረፍት ያላችሁ ደግሞ እንዴት ጠይቃችሁ እንዳገኛችሁት ጻፉ፣ እሱ ከሁሉም በላይ ይጠቅመናል። ሁላችንንም በሰላም ለአገራችን ያብቃን። አሜን።